ሰኒ እስክትፈተን ድረስ

ረቡዕ

ናሆም ሞቷል። ለሰኒ እንዳትነግር ተብያለሁ። ለእማዬም።

እንዴት እንደሰማሁ ልጻፈው። ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሓወቦይ ኪሮስ ሱቅ ገባሁ። ሓወቦይ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ለቤታችን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ለደንበኛ ቀለም እየበጠበጡ ነበር። ስልካቸው ሲጮኽ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ነጭ ስለነበር፣ “ሚኪ፣ አንሣውና ድምፁን ልቀቀው” አሉኝ። ለቀቅኩት።

ከወንድሜ ጋር የሄደው ልጅ ነው። የሚደውለው ከጅቡቲ ነው። “ጀልባዋ ተገለበጠች። ናሆም ዋና አይችልም ነበር። ሲሰምጥ አየሁት፣ አቦይ ኪሮስ፣ በዓይኔ አየሁት” አለ። ስልኩን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ልጁ አልቅሶ ሲጨርስም ያው እንደያዝኩት ነበርኩ።

ሓወቦይ ቀለሙን መበጥበጥ አላቆሙም። ደንበኛው ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ከዚያ እጃቸውን ሳይታጠቡ ትከሻዬን ያዙኝ።

“አንተ አልሰማህም።”

“ሰምቻለሁ።”

“አልሰማህም! ቅዳሜ እህትህ ትፈተናለች። እሑድ ማለዳ ሽማግሌዎችንና ቄሱን ይዤ እመጣለሁ። መርዶው በወጉ ይነገራል። እስከዚያ አንዲት እንባ ብታመልጥህ የሰኒን እንጀራ የቀማሃት አንተ ነህ።”

ወጉን አውቀዋለሁ። መርዶ ማታ አይነገርም። ለብቻ ሰው አይነገርም። ፈተና ላለበት ተማሪ ደግሞ ፈጽሞ አይነገርም። የሠፈራችን ልጅ አባቱ ሞቶ “ለሥራ ሑመራ ሄዷል” እየተባለ ማትሪክ ተፈትኗል። ሲመለስ በሩ ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ውሸቱን ይዘን ኳስ አብረነው ስንጫወት ደግ ሥራ የሠራን መስሎኝ ነበር።

ቤት ስገባ ሸሚዜ ላይ የሓወቦይ አምስት ጣቶች ነጭ ሆነው ቀርተው ነበር። እማዬ፣ “ደግሞ የት ሄደህ ተለጠፍክ?” ብላ አወለቀችኝና አጠበችው።

ሐሙስ

ሰኒ የተመረቀችው በሥነ ልቦና ነው። አሁን የቀራት የሙያ ፈቃድ ፈተና ነው። ሌላውን ክፍል አልፋለች። የጣላት ሕግና ሥነ ምግባር የሚባለው ነው። እንደገና ከወደቀች በነጻ የምታገለግልበት ክሊኒክ ለእሷ ያቆየውን ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን ከአለቃዋ አፍ ሰምታዋለች።

የምትወድቀው ሳታጠና ቀርታ አይደለም። እንደ መቀሌ ሰው ስለምትመልስ ነው።

ጥያቄውን ከስልኳ ላይ የማነብላት እኔ ነኝ። ድሮ ናሆም ነበር የሚያነብላት።

“ታካሚሽ ስለተሻለው አመስግኖ ማር ይዞልሽ መጣ። ምን ታደርጊያለሽ?”

“እቀበላለኋ! ማር ይመለሳል እንዴ?”

“ተሳስተሻል።”

“ሰውዬው ከሽሬ ተሸክሞት መጥቶ?”

“ከየት እንዳመጣው አይልም። አመስግነሽ ትመልሺለታለሽ።”

“ይሁን። ቀጥል።”

“በግል የምታውቂው ሰው ሊታከም ቢመጣ?”

“መቀሌ ውስጥ የማላውቀው ሰው ከየት ይመጣልኛል?”

እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ሳቀች። እማዬ የደሴ ልጅ ናት። እኛ ቤት አማርኛ የሚነገረው በእሷ ምክንያት ነው። “የእኔ ልጅ ማሩን ተቀብላ ሰውየውን ምሳ አብልታ ነው የምትሸኘው” አለች። ሰኒም ሳቀች። ሁለቱም ሲስቁ ውስጤ የሆነ ነገር ተናደደ። ምን እንደሚያስቃቸው አልገባኝም። መሳቃቸውን ጠላሁት።

“ሃያ ዓመት ያለፈው ልጅ ምን እንደሚነግርሽ አባትየው ቢጠይቅሽ?” አልኩ።

“ሽማግሌ ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ...”

“አትነግሪውም! ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ? አንቺ እጅ ላይ የሚወድቅ በሽተኛ ወዮለት። ናሆምንም ያራቅሽው በዚሁ አፍሽ ነው።”

ከአፌ ወጣ። እማዬ ቢላውን አስቀመጠች።

ናሆም ከመንገድ ላይ የደወለ ቀን ስልኩን ያነሣችው እሷ ነበረች። እማዬን ሳይሰናበት ስለሄደ “ፈሪ” አለችው። “ድምፅህን መስማት አልፈልግም” ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ሲደውል ስልኩን ለእማዬ ትሰጣለች እንጂ አታናግረውም።

“ልክ ነህ” አለችኝ ሰኒ። “ግን አሁን ባናግረው አለቅሳለሁ። ካለቀስኩ አላጠናም። ፈተናውን እንደጨረስኩ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን ይቅርታ መጠየቅ ነው። እሺ? ቀጣዩን አንብብ።”

አነበብኩ።

ዓርብ

ክፍል ውስጥ ብርሃነ ከኋላዬ ሆኖ፣ “አንተ፣ ያ ወንድምህ ሳዑዲ ገባ? ለእኔም አይፎን ይላክ በለው፣ የእሱን ኳስ ተሸካሚ ነበርኩ” አለኝ። ሁሉም ሳቁ። “እነግረዋለሁ” አልኩ። ምን ልበል?

እየዋሸሁ እንደሆነ ሳላስብ እየዋሸሁ ነው። ይህ ያስፈራኛል።

ማታ ለሰኒ ከራሴ ጥያቄ ፈጠርኩ። ከስልኩ ላይ የማነብ መስዬ እንዲህ አልኳት፤ “አንዲት ሴት ትልቅ ጉዳይ ይጠብቃታል። ቤተሰቧ ዘመዷ መሞቱን ያውቃል፣ እሷ አታውቅም። ጉዳይዋን እስክትጨርስ ደብቂልን ብለው ለመኑሽ። ምን ታደርጊያለሽ?”

“እደብቃለሁ” አለች ወዲያው። “ሰው እንዴት መሐል ጉዳይዋ ላይ መርዶ ይነግራታል? አረመኔ ነው?”

ደረቴ ቀለለኝ። ተነሥቼ ላቅፋት ነበር።

“ቆይ፣ ቆይ” አለች። “ይሄ የእኔ መልስ ነው። የፈተናው አይደለም። ሴትየዋ አዋቂ ናት። ስለ ራሷ ሕይወት ማወቅ መብቷ ነው። ቤተሰቧ ምን ጊዜ ትወቅ ብሎ አይወስንላትም። እኔም በውሸቱ አልተባበርም። ትክክል?”

“ትክክል።” ስልኩ ላይ የተጻፈ መልስ አልነበረም።

“አየህ፣ እየገባኝ ነው!”

“አንቺ ብትሆኚስ?”

“እኔ ብሆን ምን?”

“ሴትየዋ አንቺ ብትሆኚ።”

ትንሽ አሰበችበት። “እኔ ብሆን የደበቀብኝን ሰው መግደል ነው የምፈልገው” አለችና ትራሱን ወረወረችብኝ።

ከእራት በፊት ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። ፈተናው ከቅዳሜ ወደ ሰኞ ተዛውሯል። ሰኒ፣ “ሁለት ቀን ተጨመረልኝ!” ብላ ክፍሉ ውስጥ ዞረች። ሓወቦይ ጋ ሮጥኩ። ራሳቸውን ያዙ። እሑድ ማለዳ እንዲመጣ ለዘመዱ ሁሉ ነግረዋል። “ለሁሉም እደውልና ማክሰኞ እላለሁ” አሉ። ከዚያም፣ “አጆኻ፣ አይዞህ፣ ወንድ ነህ” አሉኝ።

ቅዳሜ

ማልቀስ ፈልጌ ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ወጣሁ። ተማሪዎች ግንቡ ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ። አንዷ፣ “ወንድሜ፣ እስቲ አንሣን” ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። አነሣኋቸው። “ሳቅ በሉ” አልኩ ደግሞ።

ሳላለቅስ ወረድኩ።

እማዬ ቀኑን ሙሉ ናሆም ለምን እንደማይደውል ጠየቀችኝ። ኔትወርክ የለም አልኳት። ባሕሩ አካባቢ ኔትወርክ አይሠራም አልኳት። ይህኛው እንኳ እውነት ሊሆን ይችላል።

ሰኒ ደኅና እየመለሰች ነው። ማሩንም ትመልሳለች፣ አባትየውንም ዝም ትላለች። በጎበዘች ቁጥር የበለጠ ትከብደኛለች። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እንዲህ ነው፤ እሷን ማየት እየጠላሁ ነው። ናሆም የሞተባት እሷም ናት፣ ግን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ትራስ ትወረውራለች።

እሑድ

ዛሬ የሠራሁትን እግዚአብሔር ያያል።

እማዬ ለቅዳሴ ወጥታለች። ሰኒ ውስጥ ታጠናለች። የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሓትኖይ የምንላቸው የአባቴ እህት፣ ለተብርሃን ናቸው። ከውቅሮ ማዶ፣ ስልክ ከማይደርስበት ገጠር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥለቱን አንገታቸው ላይ አድርገዋል፣ ለልቅሶ እንደሚለበሰው። ሓወቦይ መርዶውን በሰው ልከውባቸው ነበር፣ ቀኑ መዛወሩ ግን እሳቸው ጋ አልደረሰም።

መርዶው የተነገረ መስሏቸው እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። “ናሆም! ናሆም ወደይ፣ ልጄ...”

አፋቸውን ያዝኩት። እዚያው በሩ ላይ፣ በመዳፌ። ሽማግሌ ሴት ናቸው። እኔን አዝለው አሳድገውኛል። ግድግዳው ላይ አስደግፌ አፋቸውን አፈንኩት። ነከሱኝ። አልለቀቅኩም።

“ሰኒ አልሰማችም፣ እማዬም አልሰማችም። ፈተናው ነገ ነው” አልኩ ጆሯቸው ላይ።

መታገላቸውን ተዉ። እንባቸው በጣቶቼ መሐል እየፈሰሰ ነበር። እጄን ሳነሣ፣ “ታዲያ እኔ ምን ልሁን?” አሉ።

“እንግዳ ይሁኑ።”

ነጠላቸውን ገፍፌ እንደ ደኅና ቀን አለበስኳቸው። ከጄሪካኑ ውሃ ቀድቼ ፊታቸውን አጠብኩ። ሰኒ ድምፅ ሰምታ ወጣች።

“ውይ ሓትኖይ! ምነው ሳይልኩብን?” ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። “ዓይንዎን ምን ነካው?”

“አቧራ ነው፣ ጓለይ። የመንገዱ አቧራ።”

ሓትኖይ ቀኑን ሙሉ እንግዳ ሆነው ዋሉ። እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ ደስ አላት። ዶሮ ይታረድ አለች፣ ሓትኖይ “አይሆንም” ብለው ማሉ፣ እማዬ ግን እንደ ይሉኝታ ቆጥራው አሳረደች። ምሳ ላይ፣ “ናሆም ቢኖር ይህን ሁሉ ብቻውን ይጨርሰው ነበር” አለች። ሰኒ፣ “ብልቱንም እኛ ሳናይ!” አለች። ሁለቱም ሓትኖይን አዩአቸው። ሓትኖይ ሳቁ። ሲስቁ አየሁ። ጉርሻው አፋቸው ውስጥ እንዳለ ነበር፣ አልዋጡትም።

ከሰዓት ሰኒ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ምርቃት ጠየቀች። “እግዚአብሔር የለቅሶሽን...” ብለው ጀመሩና ቆሙ። “የልፋትሽን ዋጋ ይስጥሽ” ብለው ጨረሱ። ሰኒ አሜን አለች።

ማታ ጓሮ ብቻችንን ስንሆን ክንዴን ያዙኝ።

“አንተ ልብህ ድንጋይ ነው” አሉኝ።

“ሓወቦይ ናቸው ያሉኝ።”

“ኪሮስማ ሱቁ ነው ያለው። እዚህ ተቀምጦ የሚበላው አንተ ነህ።”

መዳፌ ላይ የጥርሳቸው ምልክት አለ። ሰኒ አይታ፣ “ማን ነከሰህ?” አለችኝ። ውሻ አልኳት። የአባቴን እህት ውሻ አልኳቸው።

ሰኞ

በባጃጅ ዓዲ ሓቂ አደረስኳት። እስክትገባ መታወቂያዋን ከቦርሳዋ እያወጣች መልሳ ትከት ነበር። “ስለ ናሆም አስበሽ ነው?” አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። “ስለ ማሩ” አለችና ሳቀች፣ ገባች።

ከፈተናው ግቢ ፊት ለፊት ካለው ካፌ ሻይ አዝዤ ተቀመጥኩ። እንድታልፍ ጸለይኩ። ከዚያ ደግሞ እንድትወድቅ ተመኘሁ። ከወደቀች ይህ ሁሉ ለምንም አልነበረም፣ ሓወቦይም ይቀጣሉ። ሁለቱንም ከልቤ ነው ያልኩት።

ስትወጣ ከሩቅ ፊቷን አይቼ አወቅሁ። እየሮጠች መጣች።

“መለስኩለት፣ ሚኪ! ማሩን መለስኩለት! አባትየውንም አልነገርኩትም! አንዱንም ከልቤ አልመለስኩም፣ ሁሉንም እንደሚፈልጉት ነው!” መንገድ ላይ አቀፈችኝ። “ያንተን ጥያቄ ግን አላመጡትም፣ ያቺን መርዶ የተደበቀባትን ሴት።”

“ወደ ቤት እንሂድ” አልኩ።

“ቆይ። አሁን ናሆም።”

ስልኳን አወጣች። ወደ እሱ ደወለች፣ አይሠራም። ነገ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የቀረው አልኩ በልቤ። እሷ ግን ሌላ ቁጥር መፈለግ ጀመረች። “አብሮት የሄደው ልጅ ቁጥር አለኝ። እሱ ያገናኘኛል።”

“ቤት ሆነሽ ትደውያለሽ።”

“ይጠራል፣ ይጠራል!”

እውነትም ይጠራ ነበር። ከስልኩ ውስጥ ሲጠራ እኔም ሰማሁት። ያ ልጅ አንሥቶ በእኔ ላይ እንደጮኸው በእሷም ላይ ሊጮኽ ነው። ስልኩን ከእጇ ነጥቄ ዘጋሁት።

“አበድክ?”

“ሰኒ፣ ናሆም የለም።”

“የት ሄደ?”

“ሞቷል።”

አልጮኸችም። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አንድ ባጃጅ ቆሞ ሹፌሩ፣ “ወደ ሮማናት ናችሁ?” አለን። አይደለንም አልኩት።

“መቼ ነው የሰማኸው?” አለች።

“ረቡዕ።”

“ጥያቄ ስታነብልኝ ታውቅ ነበር።”

“አዎ።”

“ሓትኖይም። ትናንት ሲመርቁኝ።”

“አዎ።”

“ናሆምን ያራቅሽው አንቺ ነሽ ስትለኝስ?”

መዋሸት እችል ነበር። ተለማምጄበታለሁ። “ያን ቀንም ሞቶ ነበር” አልኳት።

ከዚያ፣ “ፈሪ ብዬው ነው የሞተው” አለች። ለእኔ አይደለም የተናገረችው። አጠገቧ ልቀመጥ ስል በክርኗ ገፋችኝ። በጣም ገፋችኝ፣ አስፋልቱ ላይ ወደቅሁ። ካፌው ውስጥ ያሉት ዞረው አዩን።

እኔ አሁን የሚሆነውን አውቃለሁ ብዬ ነበር። ትጮኻለች፣ ቤት ድረስ እየጮኸች ትሄዳለች፣ እማዬም በዚያው ትሰማለች። ሰኒ ግን ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። ከካፌው ውሃ ጠይቃ ፊቷን ታጠበች።

“እማዬ ዛሬ ትተኛ” አለች። “ነገ በወጉ ይነገራት።”

“ትክክለኛው መልስ እኮ...”

“ዝም በል። ዝም በል፣ ሚኪ።”

ቤት ስንገባ እማዬ እልል አለች። ሰኒ ፈገግ አለች። ፈተናው እንዴት እንደነበር ነገረቻት፣ ኮምፒውተሩን፣ ከጎኗ የተቀመጠችውን ልጅ፣ ሁሉንም። አንድም ቃል አልተንተባተበችም። ሓትኖይ ፊቷን አንድ ጊዜ አይተው ወደ ጓሮ ወጡ። እኔ የዋሸሁትን ሁሉ ብደምረው የእሷን የአንድ ምሽት ያህል አይሆንም።

ማክሰኞ

ጎሕ ሳይቀድ መጡ። ሓወቦይ፣ ቄሱ፣ ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው የሠፈሩ ሴቶች። እማዬ በሩን ስትከፍት ብዛታቸውን አይታ አንድም ሰው ሳይናገር፣ “የትኛው ልጄ ነው?” አለች።

እኔና ሰኒ ከኋላዋ ቆመናል። ዞራ አየችን፣ ሁለታችንንም። ከዚያ የቀረው አንድ ብቻ እንደሆነ ገባት። ያን ጩኸት አልጽፈውም።

እኔ አላለቀስኩም። አልመጣልኝም። እንባዬን ሳፍነው ከርሜ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ። ሴቶቹ ያዩኝ ጀመር። አንዷ፣ “ልጁ ምነው?” አለች። ሰኒ መሬት ላይ እየወደቀች እየተነሣች ታለቅስ ነበር። ወደ እኔ መጥታ አንገቴን አቀፈችና ጆሮዬ ላይ፣ “ጩኽ” አለችኝ። “ቀድመህ እንደምታውቅ እማዬ እንዳትነቃብህ። ጩኽ እንጂ!” ጥፍሯን ማጅራቴ ላይ ሰካችው።

ጮኽኩ። መጀመሪያ ለሰዉ ነበር። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ሓወቦይ ከወገቤ ይዘው፣ “በቃ፣ በቃ ወደይ” ሲሉኝ በክርኔ አፍንጫቸውን መታሁት። ደማ። ሐዘን ነው ብለው ሁሉም ይቅር አሉኝ። ሐዘን ብቻ አልነበረም።

ድንኳኑ ተተክሏል። ለቀስተኛው ሲመጣ ሲሄድ ዋለ። ብርሃነም ከክፍል ልጆች ጋር መጣ። ፊቴን ማየት አቅቶት ከደጅ ቆመ። ሓትኖይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አሁን ማንም አፋቸውን ሳይዛቸው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ።

የሰኒ ውጤት መቼ እንደሚመጣ አናውቅም። ማንም አልጠየቃትም። ክሊኒኩ ውስጥ የሚሠሩት መጥተው ሲያጽናኗት፣ አለቃዋ፣ “እንኳን ከፈተናው በኋላ ሆነ” አላት። ሰኒ፣ “እንኳን” አለች።

ከትናንት ጀምሮ “ጩኽ” ካለችኝ ሌላ አላናገረችኝም። ሳልፍ ፊቷን ታዞራለች። ሲመሽ፣ ጎረቤት ያመጣው ምግብ ሲቀርብ፣ ሰሃን ይዛ ድንኳኑን አቋርጣ እኔ ወደተቀመጥኩበት ፍራሽ መጣች። ፊት ለፊቴ ተንበረከከች። አንድ ጉርሻ ጠቅልላ አፌ ድረስ ዘረጋች።

“ብላ” አለችኝ።

ሰዉ ሁሉ ያየን ነበር። ስለሚያየን ይሁን አይሁን አላውቅም። በላሁ።